ሀምዲያ የቀረችባቸው ቀናት

ባለፈው ሳምንት ካቦው ኢዘዲንን የተውነው ቅናት ጉበቱን እንደ ቀርከሃ ለሁለት ሰንጥቃ፣ ግማሹን ለእሱ ትታ ግማሹን ይዛ ስትሄድ ነበር። ያላነበባችሁ አትጨነቁ፤ ነገሩ አጭር ነው።

ኢዘዲን አሶሳ ከተማ ዳር ባለ የቀርከሃ ግቢ ውስጥ ካቦ ነው። ወንበር፣ መጋረጃና ስቴኪኒ የሚሠሩትን ሴቶች ይቆጣጠራል፤ የመጣችውን «አለች»፣ ያልመጣችውን «ቀሪ» ይላል። ወላጆቹ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ አምባ ስድስት የተባለው የሰፈራ መንደር ሰዎች ናቸው። እሱ ራሱ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ቢያቋርጥም ወሬው ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ሀምዲያ ደግሞ እዚያው ግቢ በቀን ክፍያ ቀርከሃ የምትሰነጥቅ የበርታ ልጅ ናት። ሁለቱ ይዋደዳሉ። ኢዘዲን ግን «ደመወዜ ይጨመርና ቤት እሠራለሁ፤ ቤት ሠርቼ ሽማግሌ እልካለሁ» እያለ ክረምቱን ለበጋ፣ በጋውን ለክረምት ሲያቀባብል ከረመ።

ሰሞኑን ታዲያ ሀምዲያ ሥራ መቅረት አበዛች። ኡመር ከሚባል የመንደሯ ጎረምሳ ጋር ቀርከሃ ተሸክማ፣ እየሳቀች ስትሄድ ታየች። ቀጥሎ ገበያ ውስጥ አንድ ወሬ ተነፈሰ፤ «ለሀምዲያ ቤት እየተሠራላት ነው።»

ቤት! ለሴት ልጅ ቤት ከቆመላት ውስጡ የሚገባ ወንድ አለ ማለት ነው። ኢዘዲን ያን ሌሊት አልተኛም። ወዲያ ሲገላበጥ ኡመርን ያያል፣ ወዲህ ሲገላበጥ የኡመርን ጥርስ ያያል።

ከዚህ ወዲያ ያለውን አብረን እንየው።

*

ዓርብ ጠዋት የግቢው ባለቤት አቶ ታፈረ ሠራተኛውን በሙሉ ሰበሰቡ። ሴቶቹ ደመወዝ እንዲጨመርላቸው ጠይቀው ነበር። የጠየቀችላቸው ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው፣ ከቡለን የመጣችው ጤናዬ ናት።

«ልጆቼ» አሉ አቶ ታፈረ፣ ያላለቀ ወንበር ላይ ተቀምጠው። «አንሶናል ብላችኋል። ሰምቻለሁ። እኔ በእናንተ ዕድሜ ጎንደር መናኸሪያ ጭነት ተሸካሚ ነበርኩ። ማንም አልጨመረልኝም። ጀርባዬን ጨመርኩበት እንጂ! ሰው የሚደኸየው በራሱ ነው። ኧረ እንዲያውም እውነቱን ልንገራችሁ፤ ማንጎ ራሱ እየወደቀ አፍ ውስጥ በሚገባበት አገር ድሃ ለመሆን ትጋት ይጠይቃል።»

ጥቂቶች ሳቁ። ጤናዬ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

«ጋሼ፣ ማንጎውማ ይወድቃል። ወድቆ ይበሰብሳል። የሚገዛን ማን አለ? ያን ጊዜ ወንበሮቹ መኪና ላይ እንዳሉ ዝናብ ሲያበላሽብዎት ‹መንገዱ ነው፣ ነዳጁ ነው› አሉን። እኛም አዘንልዎት። የእርስዎ ኪሳራ የመንገዱ ጥፋት ከሆነ፣ የኛ ድህነት ምነው የኛ ብቻ ሆነ?»

አቶ ታፈረ እንደ ልማዳቸው ወደ ካቦው ዞሩ።

«ኢዘዲን፣ እስቲ አንተ ንገራቸው። ሥራው የማይወጣው ለምንድን ነው?»

ኢዘዲን የሚናገረውን ያውቅ ነበር። ቢላዋዎቹ ደንዝዘዋል። የማድረቂያው ዳስ ያፈሳል፤ ዛሬ የደረቀው ነገ ይርሳል። ይህን ሊናገር አፉን ከፈተ። ያኔ ነው ሀምዲያን ያያት። ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ እያዛጋች ነበር። ክንዷ ላይ ቀይ ጭቃ ደርቋል፤ የቤት ምርጊት ጭቃ። እያዛጋችም ፈገግ አለችለት።

ለማን መርጋ መጥታ ነው ለእኔ ፈገግ የምትለው? አለ በልቡ። ከዚያም ምላሱ ከልቡ ቀድማ ሮጠች።

«ጋሼ፣ ምን ልበልዎት! እዚህ ግቢ አንዲት ሠራተኛ አለች። የመንደሯ የደቦ ጡሩምባ ሲነፋ ቢላዋዋን ወደ ላይ እንዳነሣች ትታው ትበራለች። ወላሂ! ቢላዋው አየር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ሲጠብቃት ሲጠብቃት ወፍ መጥታ ጎጆ ሠራችበት። እንቁላሉ ተፈለፈለ። አሁን ጫጩቶቹ ጠዋት ጠዋት ‹ቀሪ! ቀሪ!› እያሉ ስሟን ይጠራሉ። እኔማ ሥራዬን ተቀማሁ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ታፈረ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም፤ ሲፈልጉት የነበረውን ነገር ያገኙ ሰው መስለዋል።

«አያችሁ? ከአፌ ነጠቀኝ። ብጨምርላችሁ ሁለተኛ ጡሩምባ ትገዙበታላችሁ! ጭማሪ የለም። ለመሆኑ ባለጫጩቷ ማን ናት?»

ኢዘዲን ስም አልጠራም። ይህን በኋላ ደጋግሞ ለራሱ ይነግረዋል፤ ስም አልጠራሁም። ዓይኑ ግን ሄደ። ሰው ሁሉ የካቦውን ዓይን ተከትሎ ግድግዳው ሥር ደረሰ።

ሀምዲያ ተነሣች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲያው ጫጩቶችሽን ይዘሽ ወደ ጡሩምባሽ፤ እዚህ ሥራ የለሽም» አሉ አቶ ታፈረ። የሳቁት ጥቂቶች ነበሩ።

ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን የቀርከሃ ስንጥር አራገፈች። በኢዘዲን አጠገብ ስታልፍ ቀና ብላ አየችው። ንዴት ቢሆን ይችለው ነበር፤ ብትሰድበው ስድቡን አሳምሮ ይመልስላት ነበር። እሷ ግን ያየችው ትኩሳት ይዞት የሚቀባጥር ሰው እንደሚታይ ነው፤ አዝና፣ ትንሽም ፈርታለት።

ያ አስተያየት ከግቢው አልወጣም። እሷ ወጣች፤ እሱ ቀረ።

*

እዚህ ላይ ፍቅራቸው እንዴት እንደ ጀመረ ላላወቀ ሰው አንድ ነገር ልንገር።

ኢዘዲን ሲያወራ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይስቃል። ሀምዲያ ግን ግቢው በገባችበት ሰሞን አትስቅም ነበር። እሱ ወሬውን ጨርሶ፣ ሰው ስቆ ዝም ብሎ፣ ሁሉም ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ብቻዋን ከት ብላ ትስቃለች። አንድ ቀን «ምነው ዘገየሽ?» አላት። «መጀመሪያ አያለሁ» አለችው። «ያወራኸው ዝሆን ባጃጅ ውስጥ ሲገባ እግሩን የት እንደሚያደርግ ሳላይ እንዴት እስቃለሁ?» ያወራውን ውሸት ሁሉ በዓይኗ የምታይለት ሰው ማግኘቱ ልቡን ወሰደው።

ማታ ማታ በስልክ ይጽፍላታል። «እኔና አንቺ የምንኖርበት ቤት ሰባት በር ይኖረዋል። ስትናደጂ በአንዱ ትወጪያለሽ፣ በስድስቱ ተደብቄ እገባለሁ።» እሷ ጽሑፍ አታበዛም። ጠዋት ኔትወርክ ያለበት ስትደርስ «አንድ በር ይበቃል» ብላ ትመልሳለች። «ዝናብ ካላስገባ።»

*

ሀምዲያ በወጣችበት ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ታፈረ ኢዘዲንን ቢሯቸው ጠሩት።

«አንተ ልጅ አፍህ ወርቅ ነው። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ለፍልፌ ያልቻልኩትን ባንድ ወፍ ጨረስከው። ከዚህ ወር ጀምሮ ጨምሬልሃለሁ። ቤት ልሠራ ነው ስትል አልነበር?»

ኢዘዲን ይህን ቃል ስንት ጊዜ በሕልሙ ሰምቶታል። አሁን ግን ጆሮው ውስጥ እንደ ጠጠር ተንኳኳ። ጋሼ፣ ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ ማለት ፈለገ። አፉ፣ ያ ወርቅ የተባለው አፉ፣ «አላህ ይስጥልኝ» አለ።

በር ላይ ጤናዬ ጠበቀችው።

«ምን ሰጡህ?»

«ምንም።»

«ውሸት ስትናገር ጆሮህ ይቀላል፤ አታውቅም? የሷንም የኔንም የሁላችንንም ጭማሪ ባንድ ቀልድ በላኸው። ጣፈጠህ?»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ እማማ! ሌላ ሰው ልታገባ ነው! ቤት እየተሠራላት እኔን በዓይኗ ታጫውተኛለች!»

ጤናዬ ልትናገር ከንፈሯን አላቀቀች። ከዚያ መልሳ ገጠመችው።

«ሂድና ቤቱን እይ» አለችው። «አንተ መስማት እንጂ ማየት አልፈጠረብህም።»

በማግስቱ ቅዳሜ ወደ ሀምዲያ መንደር ሄደ። ለይቅርታ አልነበረም፤ ይህን ልደብቃችሁ አልችልም። መንገድ ለመንገድ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ነበር፤ እንኳን ደስ አለሽ፣ እኔም ደመወዝ ተጨምሮልኝ ቤት ልሠራ ነው፣ ለኡመር ሰላም በይልኝ። ባጃጁ መንገዱ ያለቀበት ላይ ጣለው። ዳገቱን በእግሩ ሲያጋምስ ከላይ የቅል ጡሩምባ ተነፋ። ትናንት ሰው ያሳቀበት ጡሩምባ ነው።

የበርታ ሰዎች ናፊር ይሉታል፤ እኛ ደቦ የምንለው ነው። ጡሩምባ ተነፋ ማለት አንድ ሰው እጅ አጥሮታል ማለት ነው። ዛሬ ያረምክለት ነገ ያጭድልሃል። ጡሩምባውን ሰምተህ ከተኛህ ግን ያንተ ሲነፋ ሰው ሁሉ ጆሮው ያመዋል። በቀን ክፍያ ቤት የሠራ ሰው በዚያ መንደር የለም። ቤት የሚሠራው በሰው ነው።

ዳገቱን ሲጨርስ ቤቱን አየው። ክብ ነው፤ ግድግዳው ከቀርከሃ የተጠለፈ፣ ግማሽ ጎኑ በቀይ ጭቃ የተመረገ። ጎረምሶች ጣሪያው ላይ ወጥተው ሣር ይከድናሉ፤ ሴቶች ከሥር ነዶ እያሠሩ ይወረውራሉ። ጣሪያው ጫፍ ላይ፣ ያ ሌሊቱን ሁሉ ያየው ጥርስ አለ።

«ኧረ ሙሽራው!» ብሎ ጮኸ ኡመር። «ሙሽራው ሳይጠራ መጣ! ቸኩሏል ወገኖቼ፣ ቸኩሏል!»

የሚዘፍኑት ዘፈናቸውን ቀይረው በኢዘዲን ላይ ማንጓጠጥ ጀመሩ። በበርታ ቋንቋ ስለሆነ አልገባውም፤ በሳቃቸው ግን ገባው። ዘወር ብሎ አየ፤ ከኋላው ሌላ ሙሽራ ፈልጎ። ማንም አልነበረም።

የሀምዲያ አጎት መህጁብ እጁን ዘርግተው መጡ። ሽበታቸው ላይ ሣር ተሰክቷል፤ አማርኛቸው ሴቱንም በወንድ ይጠራል።

«ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ! መርሀባ! ሙሽራ ቤት ሳያልቅ አይመጣም ነበር፤ ኸላስ፣ አንተ መጣህ፣ ጥሩ ነው። እኔ መጀመሪያ እንቢ አልኩ። ሀምዲያን አልኩት፣ ‹ይህ ልጅ ቤት የለውም፣ ዘመድ የለውም እዚህ፤ ማን ይሠራለታል?› ሀምዲያ ምን አለኝ? ‹እኔ ነው ዘመዱ› አለኝ።»

«እኔ ነው ዘመዱ» ብሎ ደገመው ኢዘዲን፤ የሰማውን ለማመን።

«ሀምዲያ ዓመት ሙሉ ሰው ጋ ሁሉ ሄደ። አረም ሄደ፣ አጨዳ ሄደ፣ የሰው ቤት ክዳን ሄደ። ሁሉ ሰው የሀምዲያ ዕዳ አለበት። አሁን ሰው ዕዳ ይከፍላል። ቤት ይኸው።»

ኢዘዲን ቀናቱን ቆጠረ። እነዚያ ሁሉ «ቀሪ» ያለባቸው ጠዋቶች! እሱ ስሟን ጠርቶ፣ ዝምታ ሰምቶ፣ አንገቱን እየነቀነቀ ያለፈባቸው። እሷ እዚህ አገር ለአገር እየዞረች፣ ለእሱ፣ በዚህ መንደር ዘመድ ለሌለው ለእሱ፣ ዘመድ ስታጠራቅም ነበር። የቤቱን በር ፈለገ። አንድ ነው። ዝናብ በማይገባበት አቅጣጫ ዞሯል።

የሀምዲያ እናት ሂባ በትልቅ ጣሳ ከርከዴ ይዛለት መጣች።

«ጠጣ ልጄ። ትናንት ለሀምዲያ ፈቃድ ሰጣችኋት አሉ፤ ቤቷ እስኪያልቅ። አላህ ይስጣችሁ። አንተ ነህ አይደል የለመንክላት?»

ሀምዲያ አልነገረቻቸውም። ተባርራ መጥታ፣ ፈቃድ ተሰጠኝ ብላ፣ ስሙን አስመስግና። ከርከዴው ቀይ ነበር፤ ጣፋጭ ነበር። ኢዘዲን አንድ ጉንጭ ጎንጭቶ፣ ጣሳውን እንደያዘ ሀምዲያን ሊፈልግ ዞረ። ሰው ሲሰድበው አፀፋ ያውቃል፤ ሲመርቀው ምን እንደሚደረግ አያውቅም ነበር።

*

ሀምዲያን ያገኛት ከሣር ክምሩ ጀርባ ነዶ ስታሥር ነው። እጇ አላቆመም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቤቱን ወይስ መባረሬን?»

«ሁለቱንም።»

«ቤቱን… አንተ ‹ደመወዜ ይጨመርና› ስትል ፊትህን አያለሁ። ታስቃለህ፣ ሰባት በር ትላለህ፣ ዓይንህ ግን አይስቅም። ታፍራለህ። ቤቱ ካለቀ በኋላ ብነግርህ አታፍርም ብዬ ነው።» ነዶውን በጉልበቷ ጨቁና አጠበቀችው። «መባረሬን ደግሞ ብነግራቸው ኡመር አንተን ከዚያ ጣሪያ ላይ ይወረውርሃል። መጀመሪያ ግን ወደ ላይ ይዞህ መውጣት አለበት፤ ሥራ ይፈታል።»

ከኢዘዲን አፍ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ነገር ወጣ።

«ይቅር በይኝ። ቅናት ነው። ኡመርን…»

«ኡመር የአክስቴ ልጅ ነው።»

«አላወቅኩም! ሀምዲያ፣ ድህነት ነው እንዲህ ያደረገኝ። ደመወዜ ቢበቃኝ፣ ቤት ቢኖረኝ፣ በማንም አልቀናም ነበር። ችግሩ ነው እንጂ…»

ነዶውን ጣለችው። ድምፅዋ አልጨመረም፤ ጭራሽ ቀነሰ።

«የደመወዝህ ማነስ ያንተ ጥፋት አይደለም። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህ ነው ማንም ‹ቤት ለምን አልሠራም?› ብሎ ያልጠየቀህ። ቀልዱ ግን ያንተ ነው። ድህነት ነው ወፏን የፈጠራት? ድህነት ነው በዓይኑ የጠቆመኝ?»

«አይደለም።»

«ለእኔ ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። ጤናዬስ? አብራኝ የምትሰነጥቀው ዓፊያስ? አንተ ስታስቃቸው የሳቁት በራሳቸው ላይ ነው። አሁን እኔ እዚህ ሰው አለኝ፣ ጡሩምባ አለኝ። እነሱ ያ ደመወዝ ብቻ ነው ያላቸው።»

«ምን ላድርግ? ንገሪኝ። እግርሽ ላይ ልውደቅ?»

«እግሬ ላይ መውደቅ ቀላል ነው፤ ከክምር ጀርባ ማንም አያይህም። ያን ነገር በሰው ፊት ነው የተናገርከው።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ኢዘዲን ከሣር ክምሩ ጀርባ ወጣ። ሥራ ላይ ባሉት ሰዎች መሐል ቆመ። እሱ ሰው ፊት ቆሞ ፈርቶ አያውቅም፤ ሰው ሲሰበሰብ እሱ ነው ክብሪቱ። አሁን ግን ሰዎቹን ሲያይ ሁሉም የሰጡትን ነገር ይዘው ቆመዋል፤ አንዱ ገመድ፣ አንዷ ጭቃ፣ አንዱ ጉልበቱን።

«ሀምዲያ ፈቃድ አልተሰጣትም» አለ። «ተባርራለች። ያስባረርኳት እኔ ነኝ።»

ተናገረ። ጡሩምባውን፣ ቢላዋውን፣ ወፏን፣ ለሌሎቹ የቀረውን ጭማሪ፣ ለእሱ የተሰጠውን። ወፏ ጋ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ በልማድ ሊስቁ ነበር፤ መሐል ላይ ተዉት።

አማርኛ የማይሰሙ ሽማግሌዎችና እናቶች ስለነበሩ አጎት መህጁብ ቆመው በበርታ ቋንቋ ተረጎሙት። ኢዘዲን ጥፋቱን በማያውቀው ቋንቋ ሲወራ ሰማው። «ካቦ» የምትለዋን ቃል ብቻ ያውቃል፤ የሀምዲያንም ስም። በአማርኛ ሲናገር ያላዩት ዓይኖች አሁን ቀና አሉ። ሃፍረት በሁለት ዙር ሲመጣ ሁለተኛው ይብሳል፤ እንደሚመጣ ታውቀዋለህና። እናቷ ሂባ ጣሳውን ከእጁ ተቀበለችው። አልነጠቀችውም፤ ቀስ ብላ ነው የወሰደችው። ኢዘዲንን ያመመውም ይኸው ነው።

ኡመር ከጣሪያው ጠርዝ ጎንበስ አለ። ጥርሱ አይታይም።

«አጎቴ፣ ሣሩን እናውርደው?»

መህጁብ ወደ ሀምዲያ አዩ። ሁሉም ወደ እሷ አየ።

«ሥራው ይቀጥላል» አለች። «የተጠራ ሰው እጁን አጣጥፎ አይመለስም። ማን እንደሚገባበት ግን ገና አላወቅኩም።»

ኢዘዲን ስልኩን አወጣ። «አሁኑኑ እደውልላቸዋለሁ። እዚሁ፣ እናንተ ፊት።»

«እዚያ ታች ኔትወርክ የለም» አለ ኡመር። «ያለው እዚህ ጫፉ ላይ ነው።»

ስለዚህ ኢዘዲን ወጣ። የራሱ ሊሆን የነበረውን ቤት፣ ሰው በጉልበቱ የከፈለለትን ግድግዳ እየረገጠ። ኡመር እጁን ዘርግቶ ሳበው፤ ከሚገባው በላይ አጥብቆ ነው የሳበው፣ ግን ሳበው። ጫፉ ላይ ስልኩ ነቃ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ደወለ።

«ወይ ኢዘዲን!» አሉ አቶ ታፈረ። ድምፃቸው ከጣሪያው ወደ ታች ፈሰሰ። «ዛሬ ደግሞ ምን አመጣህልኝ?»

«ጋሼ፣ ትናንት የነገርኩዎት ውሸት ነው።»

አቶ ታፈረ ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ። «ኧረ ባክህ! እኔማ ወፏን ላያት ወጥቼ ነበር!» ሳቃቸው የሰው ሁሉ ዝምታ ላይ ወርዶ ብቻውን ቆመ። ኢዘዲን እስኪጨርሱ ጠበቀ። ሰው በእሱ ቀልድ ሲስቅ እንዲያበቃ የተመኘው በዕድሜው ያኔ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ አልቀለድኩም። ሀምዲያ ሰነፍ አይደለችም። የምትቀረው የእርስዎ ደመወዝ የማይሠራላትን ነገር ልትሠራ ነው። ሥራው የማይወጣው ቢላዋው ደንዝዞ፣ ዳሱ እያፈሰሰ ነው። ሁሉም ሠራተኛ ያውቀዋል፤ እንድነግርዎት የተቀጠርኩት ግን እኔ ነኝ፣ አልነገርኩዎትም። የጨመሩልኝ ከእነሱ የቀረውን ነው። ወይ ለሁሉም ይጨምሩ፣ ወይ የእኔንም ይተዉት።»

«አንተ ልጅ» አሉ አቶ ታፈረ፤ ድምፃቸው የተሸካሚነት ዘመናቸው ድምፅ ይመስል ነበር። «ለመሆኑ ከየት ሆነህ ነው?»

«ከጣሪያ ላይ።»

«የማን ጣሪያ?»

ኢዘዲን ወደ ታች አየ። ሀምዲያ ፊቷን ወደ ላይ አቅንታ፣ ፀሐዩን በእጇ ከልላ ቆማለች።

«እሱን ገና አላወቅኩም፣ ጋሼ።»

«ሰኞ ና» አሉ። «ቢላዋዎቹን አያለሁ። ስለ ሴቶቹ ጤናዬን ራሷን አነጋግራታለሁ። ካቦነቴን ግን ይጠብቁልኝ እንዳትለኝ።» ዘጉት።

ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም እልል አላለም። አንዲት ሴት ዘፈኑን ካቆሙበት አነሣችው፣ ሌሎቹም ቀስ ብለው ገቡበት። ኡመር ወደ ሥራው ዞረ። ኢዘዲን ሲወርድ የሚይዘው ሰው አልነበረም፤ ክንዱን ቀርከሃው ልጦት ወረደ። የሚሠራውን የነገረውም አልነበረም። ሄዶ ነዶ ተሸከመ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ተገናኙ። ሀምዲያ ከክምሩ ታቀብለዋለች፣ እሱ ተሸክሞ ለኡመር ያደርሳል። ሲመላለስ፣ ሲመላለስ፣ በመጨረሻ አልቻለም።

«ሀምዲያ… እኔና አንቺ…»

«ነገ የኢልሊ ማሽላ ይታጨዳል» አለች። በአገጯ ኢልሊን፣ ጭቃ የምታቦካውን መበለት፣ አመለከተችው። «ልጆቿን ትታ ነው ላንተ ቤት የምታቦካው።»

«እመጣለሁ።»

«መምጣትህን መች ጠየቅኩህ? ቀኑን ሙሉ ሳታወራ መዋል ትችላለህ ወይ ነው የምጠይቅህ።»

መልስ መጣለት። ወላሂ፣ ግሩም መልስ ነበር፤ እሱ አንድ ቀን ዝም ካለ የአሶሳ አህዮች ተሰብስበው ለለቅሶ አምባ ስድስት እንደሚወርዱ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደሚደረደሩ። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠው።

ሀምዲያ ሲውጠው አየችው። ቀጣዩን ነዶ ስታቀብለው እጇን ከእጁ ሥር ቶሎ አላወጣችም፤ አልያዘችውምም። ኢዘዲን ይቅርታ ይሁን ስንብት ሊለየው አልቻለም። ለመጠየቅም መብት ያለው አልመሰለው። ነዶውን ትከሻው ላይ አደረገው፤ ቀላል የሣር ነዶ ነበር። ከቤቱ በር እስኪደርስ ድረስ ግን፣ የበደለ ሰው ተስፋ እንዲህ ይከብዳል ብሎ የነገረው ማንም ስለሌለ፣ ለምን ሁለት ጊዜ ቆሞ ትከሻ እንደቀየረ አላወቀም።